ምዕራፍ 7፦ የማይረሳው ምሰሶ

በምዕራፍ 5 ስለ ሞባይል ስልክ ስናነሳ፣ ከምንናገረው ቃል ይልቅ የነበርንበትን ቦታ የሚይዘው መዝገብ ስለ እኛ ብዙ እንደሚናገር አይተናል። ስልክን ግን ሰው ከፈለገ ቤት አስቀምጦት ይወጣል። ፊቱን ቤት አስቀምጦ የሚወጣ የለም። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀለው የደህንነት ካሜራ ነው። ካሜራ በተሰቀለ ቁጥር አስተዳደሩም ነዋሪውም የሚከራከሩት በሌንሱ ላይ ነው፤ ምን ያያል፣ እስከ የት ያያል፣ ወደ ማን ግቢ ዞሯል ይባባላሉ። እኔ ክርክሩ ቦታውን ስቷል እላለሁ። የካሜራ ኃይል ያለው በማስታወሱ ነው፤ የነዋሪው መብት የሚከበረውም የሚጣሰውም ምስሉ ከተቀረጸ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የታደሱ ጎዳናዎች ከእግረኛና ከብስክሌት መንገዱ፣ ከመብራቱና ከአበባው ጋር የደህንነት ካሜራም ይዘው መጥተዋል። ልማቱ ከዋና ከተማዋ ወጥቶ በኦሮሚያና በሌሎች ክልሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አምቦንና የምዕራብ ሸዋን ከተሞች እንደ መማሪያ እንያዛቸው። ይህን አካባቢ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው፦ አንዱ የቅርብ ጊዜ ታሪኩ ነው፣ ሌላው ከተሞቹ የተደረደሩበት መንገድ።

አላፊ አግዳሚና የዱቤ ደብተር

ከጉደር ተነሥቶ በገበያ ቀን አምቦ የመጣ አንድ ገበሬ እናስብ። መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ያየዋል፣ የባጃጅ ሾፌሩ ያየዋል፣ ጀበናዋን ጥዳ የተቀመጠችው ቡና ሻጭ ታየዋለች፣ የባንኩ ጥበቃ ፈትሾ ያስገባዋል። በአንድ ረፋድ መቶ ሰው አይቶታል፤ ይህን ግን ማንም እንደ ጥቃት አይቆጥረውም። ያየው ሰው ወዲያው ይረሳዋላ። ቡና ሻጯ ሲመሽ «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ያ ጋቢ የለበሰው ሰው ከማን ጋር ቆሞ ነበር?» ተብላ ብትጠየቅ መልስ የላትም። ደግሞም መተያየት ነው፤ አፍጥጦ ያየውን ሰው ገበሬውም መልሶ ያየዋል፣ ካልወደደው «ምን ሆንክ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «አደባባይ የወጣን ሰው ማንም ያየዋል፣ ካሜራ ምን ጨመረ?» የሚለው ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አደባባይ መውጣት ለመታየት መፍቀድ እንደሆነ እቀበላለሁ። ለመመዝገብ መፍቀድ ግን አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ሰፈር ሱቅ ጎራ እንበል። ባለሱቁ ስኳርና ሳሙና በዱቤ የወሰደን ደንበኛ በልቡ ብቻ አይዘውም፤ ደብተሩን አውጥቶ ስሙን፣ ቀኑንና ብሩን ይጽፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ትዝታ መሆኑ ይቀርና መዝገብ ይሆናል። ባለሱቁ ቢረሳ፣ ሱቁን ለልጁ ቢያስረክብ፣ ዕዳው እዚያው አለ። ሆኖም በዱቤ ደብተር ላይ በመጻፉ የሚከፋ ሰው አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱም ደብተሩ ሦስት ነገር አለው። ተበዳሪው መጻፉን ያውቃል። «እስቲ ገጼን አሳየኝ» ብሎ ማየትና ስህተት ካለ መከራከር ይችላል። ሲከፍል ደግሞ መስመሩ ዓይኑ እያየ ይሰረዛል። እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ማወቅን፣ ማየትንና መሰረዝን፣ አጥብቀን እንያዛቸው፤ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይከተሉናል።

በምሰሶ ላይ ያለ ካሜራ እንግዲህ አላፊ አግዳሚ መስሎ የቆመ ደብተር ነው። ገበሬው ስለ መጻፉ የነገረው የለም፤ ገጹን የሚያሳየው ቢሮ የት እንዳለ አያውቅም፤ መቼ እንደሚሰረዝም አያውቅም። «ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለው የቆየ ማስጠንቀቂያ እንኳ ግድግዳው ሰማ አለ እንጂ የሰማውን ቀንና ሰዓት ጽፎ ለዓመታት አስቀመጠ አላለም።

ከሌንሱ ጀርባ ያለው ሣጥን

የካሜራው ማስታወሻ ያለው ከምሰሶው ርቆ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ መቅጃ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ በሆዱ የያዘው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ጎተራ በሉት። በተለመደ ጥራት፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት እያደረገ የሚልክ አንድ ካሜራ በ24 ሰዓት ውስጥ 43 ጊጋ ባይት ያህል ያስገባል። አንድ ቴራ ባይት የሚይዝ ጎተራ ታዲያ የአንድ ካሜራን 23 ቀን ያህል ይችላል። ሲሞላ ሣጥኑ ማንንም ሳይጠይቅ በጣም የቆየውን ቀን እየደመሰሰ አዲሱን በላዩ ይጽፋል። ካሜራው ሁለት ከሆነ ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዲስኩ አራት ቴራ ባይት ከሆነ በአራት ይባዛል።

ይህ ቀላል ስሌት ትልቅ ነገር ይነግረናል። የነዋሪው ምስል ለስንት ጊዜ ይቀመጥ የሚለው የመብት ጥያቄ ነው፤ ምክር ቤት ሊወያይበት የሚገባ። ማንም ካልተወያየበት ግን መልሱን የሚሰጠው የዲስኩ መጠን ነው፤ የዲስኩን መጠን የወሰነው ደግሞ የበጀቱ ቁጥር ወይም ነጋዴው መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ ነው። ዲስክ እየረከሰ ሲሄድ፣ ማንም ሳይወስን የማስታወሻው ዕድሜ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት ያድጋል።

ሌላም አለ። ጎተራው የቆየውን የሚደመስሰው በራሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ባለሙያው በፍላሽ የገለበጠው፣ ወይም ከስክሪኑ ላይ በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ለጓደኛው የላከው ቅጂ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ መጨረሻ የለውም። «እኛ ጋ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ማን እንደዚያ አድርጎ ይከታተላል?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ደካማ አቅም ነዋሪውን ከክትትል አያድነውም፤ እንዲያውም በሩን ለማይታወቅ ሰው ክፍት ይተወዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ተቆጣጥሮ ነበር፤ አብዛኞቹ ካሜራዎችና መቅጃ ሣጥኖች ነበሩ። የተጠቀመበት መንገድ ረቂቅ አልነበረም። ፋብሪካው የሰጣቸው የይለፍ ቃል ሳይቀየር የቀሩትን መሣሪያዎች እየፈለገ ገባባቸው።

የሚያዝያ 2006 ምስል

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። ማንኛውም መዝገብ የሚመልሰው በተጻፈበት ቀን የነበሩትን ጥያቄዎች ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተጠየቁትንም ይመልሳል። ትራፊክ ለመቆጣጠር የተቀረጸ ምስል ከሦስት ዓመት በኋላ «በዚያ ቀን እገሌ ከእነማን ጋር ነበር?» ለሚል ጥያቄ ይውላል። ካሜራው ሲሰቀል ይህን ጥያቄ ያሰበ ሰው ላይኖር ይችላል። ምስሉ ግን ይጠብቃል።

ይህን ከአምቦ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የከተማዋ ነዋሪዎች፣ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለውን ማስተር ፕላን ተቃውመው አደባባይ ወጡ። ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ከአምቦ በስተምሥራቅ ባለችው ጊንጪ እንደገና ተነሥቶ ኦሮሚያን አዳረሰ። በጥር 2008 ዓ.ም. ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ እንዲቀር መወሰኑን አስታወቀ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አምቦ ተገኝተው ሕዝቡን አነጋገሩ።

በ2006 ዓ.ም. በአምቦ ዋና መንገድ በየምሰሶው ካሜራ ነበረ፣ ምስሉም ለአራት ዓመት ተቀምጧል ብለን እናስብ። መንገዱ ዳር የቆመ የአንድ ወጣት ፊት በውስጡ አለ። በሚያዝያ 2006 ያ ምስል የወንጀል ማስረጃ ይባል ነበር። በጥር 2008 ልጁ የተቃወመው ነገር በራሱ በገዢው ፓርቲ ውሳኔ ቀርቷል። በሚያዝያ 2010 ያው ምስል የክብር ፎቶ ሊሆን ይችል ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ አልተቀየረችም፤ የተቀየረው መዝገቡን ከፍቶ የሚጠይቀው ሰውና ጥያቄው ነው። መገለባበጡ ደግሞ በዚህ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ዛሬ የሚያስመሰግን ቦታ መቆም ነገ ሊያስከስስ ይችላል። በዚያው ምስል ውስጥ ዳቦ ልትገዛ መንገድ ያቋረጠች እናትም አለች፤ ምስሉ የእርሷን ሐሳብ ከሰልፈኛው ሐሳብ አይለይም።

እንዲህ ያለው ፍርሃት ከምናብ የመጣ አይደለም። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. አካባቢ ባወጣው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ የጸጥታ ሰዎች የስልክ ጥሪ መዝገቦችን ያለ ገደብ ያገኙ እንደነበርና የተቀረጹ ንግግሮች በምርመራ ላይ ለታሰሩ ሰዎች ይቀርቡ እንደነበር ዘርዝሯል። የስልክ ኩባንያው የጥሪ መዝገብ የያዘው ለሒሳብ ክፍያ ነበር። ለምርመራ የዋለው መዝገቡ እዚያው ስለተገኘ ነው።

አንድ መንገድ፣ ብዙ ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ በካርታ ላይ ተከተሉት። አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ፤ ሁሉም እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ ተሰክተዋል። እያንዳንዱ ከተማ በራሱ በጀት ለራሱ አደባባይ ሁለትና ሦስት ካሜራ ቢገዛ የየከተማው መዝገብ ትንሽ ነው፣ ሰው የሚያስፈራም አይመስልም። ስድስቱን መዝገቦች አንድ ላይ ላያያዘ ግን የሰው ጉዞ ከሰዓቱ ጋር ይነበባል፦ ጠዋት ከባኮ ተነሣ፣ ጌዶ ላይ ምሳ በላ፣ አምቦ አደረ። አንዱ ከተማ ያላወቀውን መያያዙ ያውቀዋል። ስለዚህ «ስንት ካሜራ አለ?» ከሚለው ይልቅ «ከየትኛው መዝገብ ጋር ተያይዟል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

መያያዙን ቀላል ያደረገው ፊት ለይቶ የሚያውቀው ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙ ፊትን እንደ እኛ አያየውም፤ የዓይንን፣ የአፍንጫን፣ የመንጋጋን አቀማመጥ ወደ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ይቀይረዋል። ከዚያ ሁለት ሰንሰለቶችን አስተያይቶ «ይመሳሰላሉ» ወይም «አይመሳሰሉም» ይላል። በምዕራፍ 6 እንዳየነው ለፋይዳ መታወቂያ የምንመዘገበው አሥር የጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ሰጥተን ነው። ፋይዳ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የራሱ የጥበቃ ድንጋጌዎች አሉት፤ መታወቂያውም ጠቃሚ ነው። እዚህ ማንሳቴ አንድ ነገር እንዲታወቅ ነው፦ የፊት መዝገብና የመንገድ ካሜራ ተያይዘው እንዳይሠሩ የሚከለክል ቴክኒካዊ ግድግዳ የለም። ግድግዳው ሕግ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ይሳሳታልም። በገበያ ቀን 20,000 ሰው ካሜራው ፊት አለፈ እንበል፤ ፕሮግራሙም ከሺህ አንዴ ብቻ ይሳሳታል። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ግን በዚያ ቀን 20 ንጹሐን ሰዎች «ተፈላጊ» ተብለው ይጠቆማሉ ማለት ነው፤ እውነተኛው ተፈላጊ ምናልባት ያን ቀን ገበያ አልወጣም። በአሜሪካ የመለኪያና የደረጃ ተቋም ኒስት በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ፕሮግራሞችን ፈትኖ ያወጣው ውጤት ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ አንዱን ሰው ሌላ ነው የማለት ስህተት በጣም ከፍ ብሎ ከታየባቸው መካከል የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ፊት ይገኝበታል። በዲትሮይት ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባት በእንዲህ ያለ የተሳሳተ ጥቆማ፣ ባልሠራው ስርቆት በቤተሰቡ ፊት ታስሯል።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የደህንነት ነው፤ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለመደገፍ በተካሄደ ሰልፍ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ቆስለዋል። ልጁ የቆሰለበት ወላጅ «ያንን ሰው የሚያሳይ ምስል በኖረ» ቢል ማን ይፈርድበታል? እግረኛ ገጭቶ ያመለጠ መኪናን ታርጋ የያዘ ምስልም ፍትሕ ያመጣል፣ በሐሰት የተከሰሰንም ነጻ ያወጣል።

ካሜራ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ማስረጃውን እንመልከት። የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ፣ ካሜራ ባለባቸው ቦታዎች ወንጀል በ13 በመቶ ገደማ መቀነሱን አግኝቷል። ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ነው። ድብደባንና የመሳሰለውን የኃይል ወንጀል በተመለከተ ግን የሚያስተማምን ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ካሜራ ስርቆትን የሚቀንስ መካከለኛ መሣሪያ ነው። ለሌላው ወንጀል ዋና ጥቅሙ ከድርጊቱ በኋላ መርማሪን መርዳት ነው። መርማሪ ደግሞ ምስሉን የሚፈልገው መቼ ነው? መኪና የተገጨበት፣ ቦርሳ የተቀማ፣ ፍንዳታ የደረሰበት ሰው በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሳምንት ያመለክታል። ያን ሰዓት የሚያሳየው ቅንጣቢ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለብቻው ወጥቶ ሊቀመጥ፣ የቀረው የብዙ ሺህ ሰው ምስል ሊደመሰስ ይችላል። ለደህንነት የሚያስፈልገው የቀናት ማስታወሻ ነው፤ ነዋሪውን አደጋ ላይ የሚጥለው የዓመታቱ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ወይ ደህንነት ወይ ግላዊነት» ማለት ስለዚህ ትክክል አይመስለኝም።

የንጹሑ ሰው ክርክርስ? በዲትሮይት የታሰረው ሰው ንጹሕ ነበር። ወደ ኤችአይቪ ክሊኒክ የምትገባ ሴት፣ አሠሪውን ሊከስስ ጠበቃ ጋ የሚሄድ ሠራተኛ ንጹሐን ናቸው፤ መንገዳቸው ግን የራሳቸው ነው።

እምነት ሲሰበር ደግሞ የሚጎዳው ራሱ ጸጥታው ነው። በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች 218 ካሜራዎች ተተከሉ፤ አንዳንዶቹ የተደበቁ ነበሩ። ለነዋሪው የተነገረው ተራ ወንጀልን ለመከላከል ነው ተብሎ ነበር። ገንዘቡ ከፀረ ሽብር በጀት መምጣቱ ሲታወቅ ሰፈሩ ተነሣ፣ ፖሊስም ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሜራዎቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ተነቅለው ወጡ። የካሜራው ብር ከሰረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰፈሩ በፖሊስ ላይ የነበረው እምነት ተጎዳ። ሰው የሚጠቁመው የሚያምነውን ነው፣ ይህን የሚተካ ሌንስ የለም።

ደብተሩን ለሕግ ማስገዛት

የዱቤ ደብተሩን ሦስት ነገሮች አሁን መልሰን እናምጣ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያስከብራል፤ መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ተለይቶ በወጣ ሕግ እንደሆነም ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ይህን ወደ ዕለታዊ ሥራ አውርዶታል። ዳታ ለታወቀና ለተነገረ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከዓላማው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ፣ ባለቤቱ የማየት፣ የማረምና የማሰረዝ መብት እንዲኖረው ያዛል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማወቅ፣ ማየት፣ መሰረዝ፤ ባለሱቁ ሳይማር የሚያከብረውን ሕጉ ለመንግሥት ቢሮ ጽፎለታል።

ይሁንና አዋጁ ለብሔራዊ ደህንነትና ለሕዝብ ደህንነት ልዩ ሁኔታዎችን ትቷል። አደጋው የከተማ ካሜራ ሁሉ «የጸጥታ ጉዳይ» በሚል በዚህ በር ተጠቅልሎ እንዳይወጣ ነው። አንድ የተወሰነ ተጠርጣሪን መከታተል አንድ ነገር ነው፤ ገበያተኛውን በሙሉ በየቀኑ መመዝገብ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መጥራት አይገባም። የከተማ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ይህን ለመከላከል የኮምፒውተር ምሁር መሆን አያስፈልገውም። የግዥ ሰነዱን ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አስመጥቶ ያንብብ። የዲስኩ መጠን የተጻፈበትን መስመር ፈልጎ ከዚህ በፊት ባየነው ስሌት ወደ ቀን ይቀይረው፤ 90 ቀን ከወጣ ለምን 90 እንደሆነ ይጠይቅ። ሥርዓቱ ከሌላ መዝገብ ጋር እንዲያያዝና ፊት እንዲለይ የሚጠይቅ መስመር ካለ፣ ማን በምን ትእዛዝ እንደሚከፍተው እዚያው ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ የከፈተ ሁሉ ስሙና ሰዓቱ እንዲመዘገብ ይታዘዝ። ምሰሶው ሥር የሚለጠፈው ሰሌዳም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የካሜራውን ባለቤት፣ ዓላማውንና የሚቆይበትን ቀን ይናገር፤ ገጹን ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄድበትን ቢሮ ጨምሮ። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ግን ዲስኩ ተገዝቷል፣ መስመሩ ተዘርግቷል፣ የይለፍ ቃሉም የሆነ ሰው እጅ ገብቷል።